የሰው እግርና የማሽን ምት፤ ስለ «አይ ፊል ላቭ» ሸክላ የቀረበ ሒስ

አንድ የሙዚቃ ሥራ ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጥ ሲመሰገን በተገኘ ጊዜ፣ የተቺው ተግባር ምስጋናውን መድገም ወይም መቃወም ብቻ አይደለም። ምስጋናው ለሚገባው ነገር የተሰጠ መሆኑን መመርመርም ከተግባሩ አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ዶና ሰመር የተባለችው አሜሪካዊት ዘፋኝ በ1977 የዘፈነችውን «አይ ፊል ላቭ» የተባለውን የጭፈራ ዘፈን ነው። የርእሱም ትርጓሜ «ፍቅር ይሰማኛል» ማለት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንሻለን።

ስለዚህ ዘፈን የጻፉት ሰዎች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ይኸውም ኤሌክትሮኒክ ማሽን በጭፈራ ሙዚቃ ላይ ፍጹም ድል ያገኘው በዚህ ሸክላ ነው የሚለው ነው። እኛም ዘፈኑን እንወደዋለን፤ መውደዳችንንም አንሸሽግም። ነገር ግን ዘፈኑን የጭፈራ ዘፈን ያደረገው ማሽኑ ብቻ አይደለም እንላለን። ከማሽኑ ሥር ሆኖ ትልቁን ከበሮ የሚመታ የአንድ ሰው እግር አለ። ይህ እግር ከተረሳ ግን ለዘፈኑ የሚሰጠው አድናቆት ግማሹን እውነት ያጣል። አሳባችንን ለማስረዳት በመጀመሪያ የዘፈኑን አሠራር፣ ቀጥሎም የሚሰማውን ነገር፣ በመጨረሻም የሚነሡትን ተቃራኒ አስተያየቶች በየተራ እንመለከታለን።

ዘፈኑ የተቀዳው በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ፣ ሙዚክላንድ በሚባለው ስቱዲዮ ነው። የስቱዲዮው መሥራች ጆርጆ ሞሮደር በ1940 በሰሜን ኢጣልያ ተራራማ አገር የተወለደ የዜማ ደራሲና አቀናባሪ ሲሆን፣ የሥራ ጓደኛው ደግሞ እንግሊዛዊው ፒት ቤሎት ነበር። ዶና ሰመር በ1948 በቦስተን ከተማ ተወልዳ፣ በ1968 «ሄር» በተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ለመጫወት ወደ ሙኒክ ሄደች፤ ከሁለቱ ሰዎች ጋር የተዋወቀችውም በዚያው አገር ነው። ሦስቱ በ1975 ባወጡት «ላቭ ቱ ላቭ ዩ ቤቢ» በተባለው ረጅም ዘፈን ስማቸው በዓለም ተሰማ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ «አይ ሪመምበር የስተርዴይ» የተባለውን አልበም አዘጋጁ። የአልበሙም አሳብ ካለፉት ዘመናት የሙዚቃ ጠባይ ተነሥቶ ወደ ዛሬ፣ ከዛሬም ወደ ወደፊቱ ዘመን መጓዝ ነበር። «አይ ፊል ላቭ» በመጨረሻ የተቀመጠው የወደፊቱን ዘመን እንዲወክል ተብሎ ነው።

ይህ ዕቅድ በሚገባ ሊስተዋል ይገባዋል። ሰዎቹ ራሳቸውን የጠየቁት «የወደፊቱ ሙዚቃ ምን ይመስላል?» ብለው ነው፤ የሰጡትም መልስ «በማሽን የተሠራ ይሆናል» የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ የዲስኮ ሙዚቃ ያለ ቫዮሊን፣ ያለ ጥሩንባ፣ ያለ ጊታርና ያለ ባስ ተጫዋች አይታሰብም ነበር። እነዚህ ሁሉ ተጫዋቾች በዚህ ዘፈን ወደ ቤታቸው ተሸኙ። በእነርሱ ስፍራ የተተካው ሞግ የሚባለው ሲንተሳይዘር ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ገና ከጅምሩ አንድ ጥያቄ በተግባር ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነበር ማለት ይቻላል። የማናቸውም ሙከራ ጥቅም የሚታወቀው የተሳካለትን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካለትንም ቦታ በመመርመር ስለ ሆነ፣ እኛም ያልተሳካውን ቦታ ለይተን እንፈልጋለን።

ሞግ ስሙን ያገኘው በ1964 ከሠራው ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከሮበርት ሞግ ነው። በሙኒክ የተሠራበት ትልቁ ዓይነት እንደ ቁም ሣጥን ቆሞ በገመዶች የሚያያዝ፣ በዘመኑም ጥቂት ሰዎች ብቻ የነበራቸው ውድ መሣሪያ ሲሆን፣ ከሙዚቃ ደራሲው ከኤበርሃርድ ሾነር የተገኘ ነበር። መሣሪያውን አብሮ ይዞ የመጣውና አሠራሩን የሚያውቀው ሮቢ ቬደል የተባለ ባለሙያ ነው። መሣሪያው በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ብዙ ድምፅ አንድ ላይ እንዲሰማ ከተፈለገ እያንዳንዱ ለብቻው እየተቀዳ በቴፕ ላይ መደራረብ አለበት። ከዚህም በላይ ጥቂት ሲሠራ ቅኝቱ ስለሚዛባ፣ ቅጂው በየአጭር ጊዜው እየተቋረጠ መሣሪያው እንደ ገና መቃኘት ነበረበት። ቬደል ያመጣው ትልቅ ብልሃት በቴፑ ላይ ለብቻው የጊዜ ምልክት መቅዳት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀዳው ድምፅ ሁሉ ያንን ምልክት እየተከተለ፣ ከቀድሞው ድምፅ ጋር ሳያዛንፍ ይገጥማል። ይህ ባይገኝ ኖሮ ዘፈኑ በታወቀበት ጥራት ሊሠራ ባልቻለም ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሣሪያ የታችኛው ወፍራም ድምፅ ተሠራ፤ በላዩም ያሉት ረዘም ረዘም ያሉ ድምፆች ተጨመሩ። እንደ ጽናጽል የሚሰሙት ቀጫጭን የብረት ድምፆች እንኳ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ሲያጣ ከሚያሰማው ሹክሹክታ ከሚመስል ድምፅ እየተቆረጡ የተዘጋጁ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ማሽኑ የተጠየቀውን ሁሉ ሰጠ። ነገር ግን የጭፈራ ሙዚቃ መሠረት ወደ ሆነው ወደ ትልቁ ከበሮ፣ ማለት በእግር ወደሚመታው ወደ ባስ ድራም በተደረሰ ጊዜ ነገሩ ቆመ። ከሞግ የወጣው ድምፅ የሚገባውን ያህል ክብደት አላገኘም፤ ደረትን የሚገፋውን ኃይል ሊሰጥ አልቻለም። የወደፊቱ ዘመን ሙዚቃ እንዲሆን የታሰበው ሥራ በዚህ ቦታ ላይ ሰው ጠራ።

የተጠራውም ሰው ኪት ፎርሲ የተባለ እንግሊዛዊ ከበሮ መቺ ነው። ፎርሲ ከዚያ በፊት አሞን ዱል ከተባለው የጀርመን የሮክ ቡድን ጋር የተጫወተ፣ ከሞሮደርና ከቤሎትም ጋር በብዙ ሥራ የቆየ ሰው ነበር። በዚህ ዘፈን የተሰጠው ተግባር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ትልቁን ከበሮ በእኩል ጊዜ፣ በእኩል ኃይል፣ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ መምታት ነው። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ ከ120 ምት በላይ ስለ ሆነና ዘፈኑም በአልበሙ ላይ ወደ ስድስት ደቂቃ የሚጠጋ ስለ ሆነ፣ ይህ የከበሮ ምት በሸክላው ላይ ከ600 ጊዜ በላይ ይሰማል። ጌጥ የለበትም፤ ችሎታውን የሚያሳይበት ትርፍ ቦታም አልተሰጠውም። ከበሮ መቺ በተለመደው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ሌሎቹ የሚከተሉት መሪ ነው፤ እዚህ ግን ለማይሰማና ለማይመለስለት ማሽን ታዛዥ ሆነ።

አሁን ወደሚሰማው ነገር እንለፍ። ዘፈኑን በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሰው በአንድ ሙዚቃ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጊዜያት አብረው ሲሄዱ ያገኛል። የመጀመሪያው የታችኛው የማሽን ድምፅ ሲሆን እጅግ ፈጣን ነው። አቀናባሪዎቹ ይህን ድምፅ በአንዱ ወገን አድርገው፣ የእርሱንም ማሚቶ ጥቂት አዘግይተው በሌላው ወገን አስቀመጡት። በዚህ ምክንያት በቀኝና በግራ ጆሮ የሚገቡት ድምፆች እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ፣ አንድ የነበረው ዜማ ሁለት ይመስላል፤ ነገሩም ሁሉ እንደሚንቀጠቀጥ ብርሃን ይሆናል። ሁለተኛው የከበሮው ጊዜ ነው፤ ከማሽኑ ይልቅ ዝግ ያለ፣ ከባድና የረጋ ነው። ሦስተኛው የዘፋኟ ጊዜ ነው። ዶና ሰመር ቃላቱን እየሳበች፣ ከላይ በቀጭን ድምፅ፣ ምቱ ያላስቸኰላት መስላ ትዘፍናለች። ቃላቱ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ቃል እስኪያልቅ ድረስ ከበታች ብዙ ምት ያልፋል።

ከሦስቱ መካከል ጨፋሪውን የሚያንቀሳቅሰው የትኛው ነው? የማሽኑን ፍጥነት ማንም ሰው በእግሩ ሊከተለው አይችልም። የዘፋኟንም ዝግታ የሚከተል ሰው ቆሞ ይወዛወዛል እንጂ አይጨፍርም። እግር የሚያርፍበት ቦታ የሚያገኘው በሁለተኛው ጊዜ፣ ማለት በከበሮው ላይ ብቻ ነው። የከበሮው ተግባር የማሽኑን ሩጫ የሰው አካል ሊረዳው በሚችለው ልክ መተርጐም ነው። አስተርጓሚ ባይኖር ኖሮ ማሽኑ ለጆሮ አስደናቂ ሆኖ ይቀር ነበር እንጂ ለእግር ቋንቋ ባልሆነም ነበር። ስለዚህ የሰው ከበሮ ለዚህ ዘፈን ቤቱ የቆመበት ምሰሶ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ አገሮች የከበሮ ልማድ ውስጥ የስሜት መጋል የሚገለጸው ምቱን በማፍጠን ነው። በእኛም አገር በማኅሌት ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲታለፍ የከበሮው አመታት እንዴት እንደሚፈጥን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በ«አይ ፊል ላቭ» ውስጥ ግን ይህ መንገድ ተዘግቷል። ስሜቱ እየጋለ ሲሄድ ፍጥነቱ አይጨምርም፤ መቺው እግሩ እንዲፈጥን የሚገፋፋውን ስሜት ሁሉ በውስጡ አምቆ መያዝ አለበት። በጆሮአችን የሚሰማን ውጥረት ከዚህ የመጣ ይመስለናል። ማሽን የማይፈጥነው መፍጠን ስለማይፈልግ ነው፤ ሰው ግን እየፈለገ ሲተወው የተተወው ነገር ራሱ ይሰማል።

አሁን የሚቃወሙንን ሰዎች አስተያየት እንመልከት። የመጀመሪያው ወገን «ዘፈኑ የማሽን ነው፤ አንድ ከበሮ ቢጨመርበት ምን ይለውጠዋል?» የሚል ነው። ይህ አስተያየት የራሱ ጠንካራ ምስክሮች አሉት። ዴቪድ ቦዊ እንደ ተረከው፣ በ1977 በበርሊን ሳሉ ብራያን ኢኖ ይህን ሸክላ ይዞ ወደ እርሱ እየሮጠ መጥቶ የወደፊቱን ድምፅ ማግኘቱን ነግሮታል፤ የጭፈራ ቤት ሙዚቃንም ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል እንደሚለውጠው ተናግሯል። የኋላ ታሪክም አረጋገጠለት፤ ለውጡ እንዲያውም ከተባለው ዘመን አልፎ ሄዷል። እኛም ይህን አንክድም። ነገር ግን ኢኖ የሰማው ሸክላ ከበሮው ያለበት ሸክላ እንጂ ሌላ አይደለም። የወደፊቱ ዘመን ድምፅ የተባለው ነገር ገና በተወለደበት ቀን የአንድ ሰው እግር ነበረበት። ምስክሮቹ የመሰከሩት ለሁለቱ አንድነት ነው፤ ጸሐፊዎቹ ግን አንዱን ወስደው ሁለተኛውን ተዉት።

ሁለተኛው ወገን ዘፈኑን ጨርሶ አይወደውም። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ይደጋገማል፤ ቃሉም ዜማውም ባዶ ነው» ይላል። ቃሉ ጥቂት መሆኑን አስቀድመን ተናግረናል፤ በንባብ ቢቀርብ ግጥም ነው ብሎ የሚከራከርለት ሰው አይገኝም። ነገር ግን ድግግሞሽ ሁሉ ባዶ ነው ማለት ስሕተት ነው። የሚደጋገም ነገር ሲሰማ ጆሮ ትንሹን ለውጥ እንደ ትልቅ ክስተት መቀበል ይጀምራል። በዚህ ዘፈን ውስጥ የታችኛው ድምፅ ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ወይም የዘፋኟ ድምፅ ጠፍቶ ከበሮውና ማሽኑ ብቻቸውን ሲቀሩ የሚሰማው ስሜት፣ በሌላ ሙዚቃ ውስጥ በሙሉ ኦርኬስትራ እንኳ ሁልጊዜ የማይገኝ ነው። ለውጡ ትልቅ የሚመስለው በስተጀርባው የማይለወጥ ነገር ስላለ ነው።

ሦስተኛው ወገን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረን ነው። እንዲህ ይላል፤ «ፎርሲ የተጠየቀው እንደ ማሽን እንዲመታ ነው፤ እንደ ማሽንም መታ። እንግዲያስ እናንተ የምታመሰግኑት ሰው ሰውነቱን ስለ ተወ ነው እንጂ ስላሳየ አይደለም። ዛሬ አንድ ተማሪ በኮምፒዩተር ይህንኑ ምት በአንድ ደቂቃ ያዘጋጃል፤ ልዩነቱንም የሚለይ ሰው አይገኝም»። ለዚህ የምንሰጠው መልስ በሁለት ይከፈላል። አንደኛ፣ በእኩልነት መምታት ሰውነትን መተው አይደለም፤ እንዲያውም ከሰው ችሎታዎች አስቸጋሪው አንዱ ነው። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ቍም ጸሐፊ እጁ ስላልተንቀጠቀጠ ሰው አይደለም አይባልም። ሁለተኛ፣ ዛሬ ኮምፒዩተር ሊያደርገው መቻሉ በ1977 ማን እንዳደረገው አይለውጥም። ኮምፒዩተሩ የሚኮርጀው ልክ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ የተመራማሪ ሥራ ነው፤ የመጣውም ከዚህና ይህን ከመሰሉ የሰው ሥራዎች ነው።

ይህንንም በዚያው ዘመን በተሠሩ ሌሎች ሥራዎች ማረጋገጥ ይቻላል። ከጀርመን የማሽን ሙዚቃ መሪዎች አንዱ የሆነው ክራፍትቨርክ የተባለው ቡድን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ሲያሠራ፣ ከበሮውን በዱላ የሚመታ ሰው፣ ማለት ቮልፍጋንግ ፍሉርን በፊቱ አቁሞ ነበር። ድምፁ የኤሌክትሪክ ቢሆንም ጊዜውን የሚሰጠው እጅ ነበር። በሌላ በኩል ቢ ጂስ የተባሉት ወንድማማቾች በ1977 «ስቴይን አላይቭ» የተባለውን ዘፈን ሲቀዱ፣ ከበሮ መቺያቸው ዴኒስ ብራየን በቤተሰቡ ጉዳይ ስላልነበረ፣ ከሌላ ዘፈናቸው ላይ የእርሱን አመታት ጥቂት ክፍል ቈርጠው ቴፑን እንደ ቀለበት እየዞረ እንዲደጋገም አደረጉት። በሸክላው ላይ ግን ከበሮ መቺው «በርናርድ ሉፕ» ነው ተብሎ በቀልድ የተፈጠረ ስም ተጻፈ። ቀልዱ ያስቃል፤ ግን ያሳስባልም። የመታው ሰው ስም ቀርቶ ለተቈረጠው ቴፕ ስም ወጣለት።

ከዚያ በኋላ የመጡት የከበሮ ማሽኖችም ይህንኑ ታሪክ ይነግሩናል። በ1980 በአሜሪካ የወጣው ሊን የተባለው የከበሮ ማሽን ድምፆቹን ያገኘው እውነተኛ ከበሮ ተመትቶ ከተቀዳ ድምፅ ነው። ማለትም በቍልፉ ሥር ተከማችቶ የሚጠብቀው የአንድ ሰው ምት ነበር። በዚያው ዓመት በጃፓን የሮላንድ ኩባንያ ያወጣው 808 የተባለው ማሽን ግን የከበሮውን ድምፅ ራሱ በኤሌክትሪክ ፈጠረ፤ ሞግ በሙኒክ ያልቻለውን ክብደትም በራሱ መንገድ አገኘ። በ1983 ኒው ኦርደር የተባለው የእንግሊዝ ቡድን «ብሉ መንደይ» የተባለውን ዘፈን ባወጣ ጊዜ፣ ከበሮውን የሚመታው ማሽን ሆኖ ነበር። ሆኖም የቡድኑ ከበሮ መቺ እስቲቨን ሞሪስ አልተባረረም፤ ለማሽኑ ምቱን የሚያስተምረው እርሱ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከበሮ መቺው ከማሽኑ ሥር ወጥቶ ወደ ማሽኑ ኋላ ተሻገረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር የማሽን ጠላቶች እንደ ሆንን እንዳይቈጠርብን እንለምናለን። ማሽን ብቸኛ ለሆነ ሙዚቀኛ ታላቅ ውለታ የሚውልበት ጊዜ አለ። ለዚህም ከአገራችን ሙዚቃ አንድ ምሳሌ አለን። የዋሊያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ በስደት ሳለ በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ የቀዳው ካሴት፣ ሙሉ ባንድ በሌለበት አገር የተሠራ የሚያምር ሥራ ነው፤ በ2013 እንደ ገና ታትሞ በብዙ አገሮች ተደምጧል። በዚያ ሥራ ማሽኑ የማንንም ስፍራ አልቀማም፤ ባዶውን ስፍራ ሞላ እንጂ። በሙኒክ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ማሽኑ ስፍራውን ሁሉ ከያዘ በኋላ ሊሞላው ያልቻለውን አንድ ቀዳዳ ሰው ሞላለት። ሁለቱን ሥራዎች ጐን ለጐን የሚያዳምጥ ሰው የማሽንንና የሰውን ግንኙነት ከብዙ ንድፈ አሳብ ይልቅ በቀላሉ ይረዳል።

ወደ ዋናው ቍም ነገር እንመለስ። የ«አይ ፊል ላቭ» ደራሲዎች ተብለው የተጻፉት ዶና ሰመር፣ ሞሮደርና ቤሎት ናቸው፤ ይህም ተገቢ ነው። ከበሮ መምታት በሙዚቃ ሕግ ድርሰት ስለማይባል የፎርሲ ስም በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ቬደልም የለበትም። ሕጉን ለመለወጥ አልተነሣንም። ነገር ግን የሒስ ጸሐፊዎች የሕጉን ዝርዝር እንደ ሙዚቃው ዝርዝር አድርገው መቀበላቸው ትክክል አይመስለንም። ሕግ የሚጠይቀው የባለቤትነቱን ነገር ነው፤ ሒስ ግን የሚሰማው ነገር ከየት እንደ መጣ መጠየቅ አለበት። ፎርሲ በበኩሉ ተረስቶ የቀረ ሰው አይደለም፤ ከሞሮደርና ከአይሪን ካራ ጋር ለ«ፍላሽዳንስ» ፊልም በ1983 በደረሱት ዘፈን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። የተረሳው እርሱ ሳይሆን በዚያ ዘፈን ውስጥ ያደረገው ሥራ ነው። የሥራ መረሳት ደግሞ ከሰው መረሳት ይልቅ ተንኰለኛ ነው፤ ማንም አይከስበትምና።

ነገሩ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያሳስብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በየቤቱ አንድ ወጣት በኮምፒዩተር ብቻውን ሙሉ ሙዚቃ ይሠራል። ከበሮ መቺ፣ ክራር መቺ፣ ማሲንቆ መቺ መፈለግ አያስፈልገውም። ይህ ነፃነት ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን «ማሽን ብቻውን ሁሉን እንደሚችል በ1977 ተረጋግጧል» የሚለውን ወሬ አምኖ የሚነሣ ወጣት ታሪኩን በስሕተት ተምሯል። በዚያ ዓመት የተረጋገጠው ማሽን እጅግ ብዙ እንደሚችል፣ የቀረውንም ጥቂት ነገር የሚሞላ ሰው እንደሚያስፈልገው ነው። ያ ጥቂት ነገር በዚህ ዘፈን ውስጥ የሚገኘው ሁሉም ነገር በሚያርፍበት በመሠረቱ ላይ ነው።

ሥራውን ማድነቃችን ጕድለቱን ከመናገር አያግደንም። ከበሮው ከማሽኑ ድምፆች ጋር እጅግ ስለ ተዋሐደ፣ የማያውቅ አድማጭ ሰው መሆኑን ለመለየት ይቸግረዋል። አቀናባሪዎቹ ይህን ያደረጉት ሆን ብለው ነው፤ አሳባቸው የወደፊቱን ዘመን ማሳየት ስለ ነበረ ሰውየውን ሸሸጉት። ለሙከራቸው ይህ ጠቅሟቸዋል፤ ለእውነት ግን አልጠቀመም። በ1978 የሳን ፍራንሲስኮው ፓትሪክ ካውሊ ዘፈኑን ከ15 ደቂቃ በላይ አድርጎ ሲያስረዝመው ሌሎች የሲንተሳይዘር ድምፆችን ጨመረበት። በዚያ ቅጂ የማሽኑ ጫጫታ ሲበዛ፣ የከበሮው መርጋት የበለጠ እንደሚያስፈልግ ግልጽ ሆኖ ይሰማል። ረጅሙን ቅጂ ሳያቋርጥ የሚጨፍር ሰው የሚተማመነው በምን ላይ እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ እግሩ ከአፉ ቀድሞ መልስ ይሰጣል።

ዘፈኑ በእንግሊዝ አገር በ1977 ለአራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቈይቷል፤ በአሜሪካም እስከ ስድስተኛ ደረጃ ደርሷል። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ለ2011 ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው የድምፅ ቅጂዎች መካከል አስገብቶታል። ዶና ሰመር በ2012 በሞት ብትለይም ዘፈኑ ዛሬም በየጭፈራ ቤቱ ይሰማል። ስለዚህ ምስጋና የጐደለው ሥራ አይደለም፤ የእኛም ምስጋና ቢጨመርለት ብዙ አይረባውም። እኛ የምንሻው ምስጋናው ተከፋፍሎ ለየባለቤቱ እንዲደርስ ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ዘፈኑን በድጋሚ በሚሰማበት ጊዜ አንድ ነገር እንዲሞክር እንመክራለን። ለጥቂት ደቂቃ የማሽኑን ብልጭታና የዘፋኟን ድምፅ ትቶ፣ ከሁሉ በታች ያለውን ከባድ ምት ብቻ ይከተል። በመጀመሪያ ምንም የማይለወጥ ይመስለዋል። ጥቂት ከቈየ በኋላ ግን ይህ መርጋት በትጋት የተጠበቀ መሆኑን፣ ከአንዱ ምት ወደ ሌላው የሚያሻግረውም የሰው ፈቃድ መሆኑን ይረዳል። ማሽኑ የወደፊቱን ዘመን አሳይቷል፤ ወደዚያ ዘመን በእግሩ ያደረሰን ግን ከበሮ መቺው ነው።